ለአጋዘን የተዘራ ጤፍ

«ጡረታ ወጣሁ» ስል ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያሉ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚሉኝ «ከምኑ?» ነው። እውነታቸውን ነው። ታክሲ ነድቻለሁ፤ ግን ታክሲን ሥራ ብሎ የሚቆጥር ሐበሻ ዴንቨር ውስጥ የለም፣ ሁላችንም አንድ ጊዜ ይዞን የለቀቀን ጉንፋን ነው። ስለዚህ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። «ለአጋዘን ምግብ ከመዝራት» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነት ግን ደምሴ፣ ምን ነበር የምትሠራው?» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዴንቨር ጎን ካለችው ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ ስትነዳ መጋዘኖቹ ያልቁና ሜዳው ይጀምራል። በባየርስና በዲር ትሬይል በኩል፣ በተለይ ደረቅ ወንዞቹ ዳር፣ መሬቱ አሸዋ ነው። ይህን አሸዋ ሠላሳ አርባ ኤከር እያስቆረሰ የገዛ የከተማ ሰው ብዙ ነው። ሰውየው መሬት አለው፣ ጠመንጃ አለው፣ የአደን ፈቃድ አለው፤ የሌለው አጋዘን ብቻ ነው። አጋዘኑ ጎረቤት ስንዴ ላይ ነው። የእኔ ሥራ አጋዘኑን ከጎረቤት ማስኮብለል ነበር። አንድ ሁለት ኤከር እናርሳለን፣ አጋዘን የሚወደውን እንዘራለን፣ የአደኑ ወቅት ሲደርስ ለምለም ሆኖ እንዲጠብቅ እናደርጋለን። በቆሎ አምጥቶ ሜዳ ላይ መድፋት በሕግ ያስቀጣል። በቦታው በቅሎ የቆመ ነገር ግን ማሳ ነው። በሁለቱ መካከል ባለችው ልዩነት ነው ልጆቼን ያሳደግሁት።

እኔ ገበሬ አይደለሁም። የመርካቶ ልጅ ነኝ፣ እህል በረንዳ። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ይልቅ ጆንያ ላይ የዋልኩበት ቀን ይበልጣል። ጤፍ መዳፌ ላይ አፍስሼ፣ አንዴ እፍ ብዬ፣ የየት አገር እንደሆነና ስንት ጊዜ ከገለባ ጋር እንደተቀላቀለ እነግርህ ነበር። ወደዚህ አገር ስመጣ ይህ እውቀት ለምንም አልጠቀመኝም። መጀመሪያ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ። ቀጥሎ ሎውሪ ሰፈር አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንሶላ አጠብኩ። ከዚያ ታክሲ ነዳሁ፣ ፒዮሪያ ላይም ትንሽ ሱቅ ከፈትኩና ዘጋሁ። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የከብት መኖና የዘር መደብር ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጆንያውን ሳሸት ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

የመደብሩ ባለቤት ዋልት ይባላል። ሲናገር ከንፈሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ነበር። ነጋዴነቴን ቶሎ አወቀብኝና ከጀርባ ወደ ፊት አወጣኝ። «ይህ ሰው ዘር ሊገዛ አልመጣም፣ ቀንድ ሊገዛ ነው የመጣው» አለኝ አንድ ቀን፣ ደንበኛ ገና በር ላይ እያለ። የአጋዘን ዘር የሚሸጥበት ከረጢት ላይ ሁልጊዜ ቀንዱ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ አጋዘን ተስሏል። ያ አጋዘን ያንን ዘር በሕይወቱ ቀምሶት እንደማያውቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ግን ሸጥኩ። ዘሩ አልበቀለም ብለው ሲመጡ ዋልት «ዝናብ የለም» ይላል። ስለ ዝናብ አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ ስለሌለ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ጋሽ ተኽለን የተዋወቅሁት በዚያ ጊዜ ነው። ከእኛ አፓርታማ ምድር ቤት ይኖሩ ነበር፤ ኤርትራዊ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ባርካ ሜዳ ላይ የአንድ ጣሊያን እርሻ አለቃ ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ የኤርፖርት አውቶቡስ ይነዳሉ። አማርኛ በትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ ከእኔ ይልቅ አጥርተው ይናገራሉ፤ ትግርኛ የምትገባው ሲያዝኑብኝ «ሓወይ»፣ ወንድሜ፣ ሲሉኝ ብቻ ነው። ከመኪና ማቆሚያው አጥር ሥር፣ እንክርዳድ እንኳ በተወው አሸዋ ላይ፣ ጎመንና ቆስጣ አብቅለው ነበር። አንድ ቀን መኪናዬ ላይ ከረጢት ስጭን መጥተው ቆሙ።

«ይህን የት ነው የምትዘሩት?»

«ባየርስ፣ ጋሽ ተኽለ። አሸዋ ላይ።»

«ማን ነው እዚያ ዝራው ያለህ?»

«ከረጢቱ።»

ገልበጥ አድርገው ኋላውንም አነበቡት። «ከረጢቱ ባየርስን አያውቀውም» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የምሸጥ፣ እሳቸው የሚያውቁ ሆነን አብረን ሠራን። ዋልትን ለቅቄ አሮጌ ፒክአፕ ገዛሁ። የንግድ ወረቀቱን ያወጣልን ልጅ ለሙያችን ስም አጥቶ «ላንድስኬፒንግ»፣ ግቢ ማሳመር፣ ብሎ ሞላው። ክፍያው ታክሲን አያስመኝም፣ ታክሲን ጨርሶም አያስረሳም።

ስለ እሳቸው አሠራር ትንሽ ልበል፤ እኔ ከዚያ ሥራ ያተረፍኩት እሱን ነው።

ማሳ ላይ ሲደርሱ ሰላምታ ሰጥተው ዝም ይላሉ። ባዶ ባልዲ ደፍተው ይቀመጣሉ። ከቦርሳቸው የማዮኔዝ ጠርሙስ ያወጣሉ፣ እስከ ግማሽ አፈር፣ ከላይ ውኃ፣ አጥብቀው ይነቀንቁና መሬት ላይ ያስቀምጡታል። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደቃቁ አፈር ቀስ ይላል፣ ጭቃው ውኃውን አደፍርሶ ይቆያል። ውኃው እስኪጠራ አንድ ቃል አይናገሩም። ደንበኞቹ የሃይማኖት ሥርዓት እየመሰላቸው ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። አንዱ ቪዲዮ አይቶ አንድ ፒክአፕ ሙሉ የእርሻ ኖራ ገዝቶ ጠበቀን። ጋሽ ተኽለ ኮምጣጤ አውጥተው አፈሩ ላይ ጠብ አደረጉ። አፈሩ እንደ ለስላሳ መጠጥ ተንቻቻ።

«ሰላጣ እየሠሩ ነው?» አለኝ ሰውየው።

«መሬትህ ራሱ ኖራ ነው እያሉህ ነው» አልኩት። «ያመጣኸውን አፈራቸው ለሚኮመጥጥ ለምሥራቅ አሜሪካ ሰዎች ላክላቸው።»

አሸዋ ኪሱ የተቀደደ ሱሪ ነው ይሉ ነበር፤ ውኃም ማዳበሪያም ብትሰጠው በእግሩ በኩል ያወጣዋል። ስለዚህ ማዳበሪያ በአንዴ አይሰጡም፣ በሦስት በአራት ከፍለው ነው። ትንንሽ ዘር፣ ክሎቨር የሚሉትን የመኖ ሣር የመሰለ፣ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ መረገጥ አለበት። መኪናውን ያስነዱኛል፣ ከዚያ በተረከዛቸው ይሄዱበታል። ተረከዙ ከሰመጠ «ገና ነው» ይላሉ። እንደገና እነዳለሁ። «ገና ነው።» እግራቸው የጫማውን ጠርዝ ያህል ብቻ ሲገባ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው «ዝራ» ማለት ነው። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቀው ይበትኑታል፣ እንዲህ ሲሆን እጅ ውስጥ አይከማችም። ሲበቅል ደግሞ መሃል ላይ ክብ የሽቦ አጥር ያቆማሉ፤ ውስጡ ያለውና ውጭ ያለው ሲነጻጸር አጋዘኑ ስንቱን እንደበላ ያኔ ይታወቃል። ያለ ሽቦው፣ ሌሊት ተበልቶ ያደረውን ባለመሬቱ «አልበቀለም» ብሎ ያማል። «ጥሩ ነው» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። አሁን ሲያትል ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ጡረታ መውጣቴን በስልክ ስነግራቸው «ገና ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዳኞቹ ሲቀናቸው ሥጋ ያመጡልናል፤ ቋሊማ፣ የጭን ሥጋ፣ በላስቲክ ታሽጎ። አመስግነን እንቀበላለን። በእኛ ሰው፣ በእኛ ጸሎት ያልታረደ ስለሆነ ግን ጋሽ ተኽለም እኔም አንበላውም። ለሜክሲኳዊው ጎረቤቴ እሰጠዋለሁ። ባለቤቴ አስቴር፣ «ስታበላ ትውላለህ፣ የበላውን ሌላ ይበላዋል፤ አንተ ሽሮ» ትለኛለች። እኔም በዚህ ሥራ ውስጥ ከአጋዘኑ ቀጥሎ የማልጠቀመው እኔ ብቻ ነኝ እላታለሁ።

አሁን ወደ ሚስ ጁዲ ልምጣ።

ሚስ ጁዲ ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ሰፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ነርስ ናቸው። ሰባውን አጋምሰዋል፣ ቀጭን ናቸው፣ ወገባቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ። ወንድማቸው ሲሞት ባየርስ አጠገብ፣ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ የአሸዋ መሬት ትቶላቸው ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአባታቸው ጋር አድነው ያደጉ ናቸው። በዚያ አካባቢ ቀንዳም ወንድ አጋዘን ለማደን ፈቃዱ በዕጣ ነው፤ በየዓመቱ ያመለክታሉ፣ በየዓመቱ ያልፋቸዋል። በመጨረሻ ወጣላቸው። የወጣላቸው ግን የግራ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው፤ የቀኙም መሃሉ ላይ መደብዘዝ ጀምሯል።

«ሐኪሙ የቀረሽ ይህ መኸር ብቻ ነው ያለኝ» አሉን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን። «የሚቀጥለውን አታስቢ አለኝ። ስለዚህ አጋዘኑ ወደ እኔ መምጣት አለበት። ሜዳ ለሜዳ ልፈልገው አልችልም።»

ጋሽ ተኽለ ያን ጊዜ ጉልበታቸውን ሊቀደዱ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሆስፒታል ሲገቡ ያሉኝ አጭር ነው፦ «ነሐሴ መጨረሻ ላይ ራይ ዝራላቸው። እስከዚያ መሬቱን አትንካው።» ራይ የስንዴ ዘመድ ነው፤ ብርድ የማይፈራ፣ አሸዋ የማይንቅ፣ መልክ የሌለው እህል። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። ባዶ መሬት እያየሁ ነሐሴን መጠበቅ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ሱቅ መክፈት መሰለኝ። በዚያ ላይ አንድ ለከብቱ ጤፍ የሚዘራ ፈረንጅ የተረፈ ዘር እንዳለው ሰማሁ። ጤፍ! ከመዳፌ ጋር አብሮ ያደገ ነገር። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው አገር ዘር ስሸጥ ኖሬ የራሴን አለመሸጤ አሳፈረኝ።

«ሚስ ጁዲ፣ ይህ የእኛ ነው» አልኳቸው። «ስንት ሺህ ዓመት የበላነው ነው።»

«አጋዘንስ በልቶታል?»

«ይለምደዋል።»

በሰኔ ዘራሁት። መሬቱን እንደተማርኩት አስረግጬ፣ ዘሩን በአሸዋ አደባልቄ። ክረምቱ ደግ ሆነ፣ ዝናብ ጣለ፤ ጤፉ በአራተኛው ቀን ወጣ። በነሐሴ ከጉልበት በላይ ሆኖ ነፋሱ ሲያስተኛው ሲያነሣው ሐር ይመስል ነበር። አጋዘን ሲመጣ የሚያነሣ ካሜራ ዛፍ ላይ አስሬ ነበር፤ እናቶች ከነግልገሎቻቸው ገቡ፣ በሳምንቱ አንድ ትልቅ ወንድ መጣ። ፎቶውን አትሜ ለሚስ ጁዲ ወሰድኩላቸው። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው፣ ወደ ጎን ዘንበል ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ለጋሽ ተኽለም በልጃቸው ስልክ ላክሁላቸው። ደወሉልኝ።

«ጤፍ ነው?»

«ጤፍ ነው፣ ጋሽ ተኽለ። አያምርም?»

«አደኑ መቼ ነው?»

«ከጥቅምት አጋማሽ ወዲያ።»

«እስከዚያ ምን ልታለብሰው ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ነርስ መጣችና ስልኩ ተዘጋ። ራይ የሚዘራበት ጊዜ ያን ሰሞን አለፈ። ለምለም ጤፍ ገልብጬ ራይ ልዘራ? የትኛው ነጋዴ ነው የሚሸጥለትን ዕቃ ከመደርደሪያ የሚያወርድ?

በመስቀል ማግስት ጠዋት ማሳው ላይ ደረስኩ። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ አድሮ ነበር። ከመንገዱ ሳየው በረዶ የወረደ መሰለኝ። ቀረብ ስል በረዶ አይደለም፤ ጤፉ ነው። አንድም አረንጓዴ አልቀረም። ነጥቶ፣ ደርቆ፣ ስረግጠው እንደ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጤፍን የማውቀው በጆንያ ነው። ዋጋውን አውቃለሁ፣ ቀለሙን አውቃለሁ፣ የሚያጭበረብረውን ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ክረምት በፊት ግን በእግሩ ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበር። ውርጭ እንደሚገድለው አንድ የገጠር ሕፃን ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። እኔ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም የእኛ ነው።

ፒክአፑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ዋልት ዘንድ ሄጄ ስድስት ጆንያ በቆሎ ጫንኩ፣ ሸራ አለበስኩት። በደረቁ ጤፍ መሃል ብበትነው ማን ያየዋል አልኩ። ማሳው ላይ ከመመለሴ በፊት ጋሽ ተኽለ ደወሉ፤ ጉልበታቸው አልድን ብሎ ከከረሙበት ሆስፒታል ወጥተዋል፣ ማሳውን አሳየኝ አሉኝ። እምቢ ማለት ስላልቻልኩ አፓርታማው በር ላይ ጠበቅኋቸው። በከዘራ ተደግፈው ወጡ፣ መኪናው ላይ ከመሳፈራቸው በፊት ሸራውን በከዘራው ነካ አደረጉት።

«ምንድን ነው?»

«ዘር ነው።»

«ምን ዘር?»

«በቆሎ።»

«በመስከረም በቆሎ ይዘራል?»

የሸራውን ገመድ አጠበቅሁ። ሞተሩም ዝም ቢል ደስ ባለኝ።

«ሓወይ» አሉኝ። «ፈቃዱ ላይ ያለው የአንተ ስም አይደለም፣ የሴትዮዋ ነው። የአደን ተቆጣጣሪዎች ቢመጡ የሚይዙት በቆሎውን አይደለም። ስንት ዓመት የጠበቁትን ዕጣ፣ በዚያ ዓይናቸው፣ ወንጀለኛ አድርገህ ልትሸኛቸው ነው?»

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

«በቆሎውን መልስ። ከዚያ ለሴትዮዋ ንገራቸው። ማሳውን ከዚያ በኋላ አያለሁ።»

በቆሎውን መለስኩ። ዋልት ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለኝ፤ እንዲህ ያለ ጆንያ ሲመለስ ያ የመጀመሪያው አልነበረም መሰለኝ። ከዚያ ፓርክ ሂል ሄድኩ። መንገድ ላይ የማልዋሽ የሚመስሉ ብዙ ውሸቶች አዘጋጅቼ ነበር፤ የአየሩ ጠባይ ተለዋወጠ፣ ያልተጠበቀ ነው፣ ዘንድሮ ሁሉም ተጎድቷል። በረንዳው ላይ ቀና ብለው ወደ ድምፄ ሲዞሩ አንዱም አልመጣልኝም።

«ሞተ ነው የምትለኝ?»

«ሞተ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ውርጭ እንደማይችል ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። እንደማላውቅም አላውቅም ነበር።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሆዴን አመመኝ እያሉ ሲዋሹኝ የሰማሁ ነርስ ነኝ» አሉ። «የአንተ ሕመም እውነተኛ ነው። ስንት ቀን ቀረን?»

«ወር አይሞላም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

በማግስቱ ጋሽ ተኽለ ማሳው ላይ ባልዲያቸውን ደፍተው ተቀመጡ። የሞተውን ጤፍ በእጃቸው አንሥተው አሹት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ይህ ገለባ ለአሸዋ ጥሩ ብርድ ልብስ ነው» አሉ፤ ያን ቀን «ጥሩ» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሰማሁ፣ ለሞተ ነገር። ያዘዙኝን ላስረዳ። ጤፉን አላረስኩትም። ራዩን በቆመው ገለባ ላይ በተንኩ፣ ከዚያ ጤፉን በላዩ አጨድኩበት፣ ዘሩን እንዲያለብሰው። ከዚያ ዘሩ ከአሸዋው እንዲጣበቅ በፒክአፑ ጎማ ወዲያና ወዲህ ረገጥኩት። ገለባው ነፋሱን ይከለክላል፣ እርጥበቱን ይይዛል። የጎደለው ዝናብ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ቀረ።

ስለዚህ ውኃ አመላለስኩ። በሽቦ የታቀፈ ነጭ ታንክ ፒክአፑ ላይ ጭኜ፣ የሚስ ጁዲ ወንድም ከተወላቸው ጉድጓድ ውኃ እየሞላሁ፣ በጎማ ቱቦ እየረጨሁ፣ በየሁለት ቀኑ። አንድ ቀን ሚስ ጁዲ ራሳቸው መጥተው ቱቦውን ያዙ። ጋሽ ተኽለ የጽጌን ጾም ይዘው ነበር፤ እሳቸው ለውዝ፣ ሚስ ጁዲ ሳንድዊች፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባልዲና ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ጉልበትና ስለ ዓይን ሲያወሩ እኔ ቱቦ እጎትታለሁ።

«ረዳትህ ይደክማል» አሉ ሚስ ጁዲ።

«ገና ነው» አሉ ጋሽ ተኽለ በእንግሊዝኛ።

በሰባተኛው ቀን በገለባው መሃል ቀይ ቀይ የቡቃያ መርፌ ታየ። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ። ስስ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ጢሙ ገና ያልሞላ ጎረምሳ ይመስላል። የጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ ርዝመቱ ጣት ያህላል። በነሐሴ ተዘርቶ ቢሆን ኖሮ አጋዘኑ ለአንድ ወር ለምዶት ነበር። አሁን ግን አጋዘኑ የጎረቤትን ስንዴ ለምዷል። አሸዋው ላይ ኮቴውን አየነው፤ በየምሽቱ በእኛ ማሳ አቋርጦ ሳይቆም ያልፋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሳ ዘርቻለሁ፣ ብዙ ሰውም ከቀንድ ጋር የተነሣውን ፎቶ ልኮልኛል። ጤፍ የት እንደሚሆን የት እንደማይሆንም ተምሬአለሁ። ስለ ሥራዬ ሳስብ ግን የሚመጣብኝ የዚያ ዓመት አደን የመጨረሻ ቀን ነው።

ሚስ ጁዲ ቀኖቹን በሙሉ ማሳው ዳር በተከልንላቸው የአዳኝ መሸሸጊያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ምንም አልመጣላቸውም ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱን ለብቻቸው ማየት ስላቃታቸው እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው፤ «እንግዲያ ተቀመጥ፣ እየወጣህ እየገባህ አታሸብርብኝ» አሉኝ። ስንት ዓመት ስዘራ አደን ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሼ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ የመንገድ ሠራተኛ መስዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ተኽለ ከኮረብታው ወዲያ መኪና ውስጥ ናቸው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከደረቁ ወንዝ አንድ ወንድ ወጣ። ማሳው ዳር ሲደርስ እንደ ወትሮው ያልፋል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አላለፈም። አንገቱን ደፋ።

«አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

«የት?»

«ከግራ። ከወደቀው ዛፍ ወዲህ።»

ጠመንጃውን ማስደገፊያው ላይ አመቻቹ። በማነጣጠሪያው ፈለጉት። «ሰማዩ ይታየኛል» አሉ። «ሳሩም ዙሪያውን ይታየኛል። መሃሉ ላይ ግን ጭስ ነው። ጎኑን ሰጥቶኛል?»

«ሰጥቶዎታል።»

«ከኋላው ምን አለ?»

ከኋላው እንስት ነበረች። ከትከሻው ወዲያ ጆሮዋ ብቻ ይታያል፤ ጥይቱ ወንዱን በስቶ ቢያልፍ የሚያገኘው እሷን ነው። «ምንም» ብል ይተኩሱ ነበር። ቢስቱ ዕድል ነው፣ ቢመቱ እኔ የመጨረሻ አጋዘናቸውን ያመጣሁላቸው ሰው እሆን ነበር፤ ጤፉ ይረሳ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት የትኛውን ተናግሬ የትኛውን እንደምተው በማወቅ ነው።

«ሴት አለች» አልኩ። «ልክ ከኋላው።»

«እንጠብቃት።»

ጠበቅናት። ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ወጣች። ወንዱ ቦታው ላይ ነው።

«አሁንስ?»

«አሁን ብቻውን ነው።»

የጠመንጃውን ማገጃ ሲከፍቱ ሰማሁ። ጣታቸው ወደ ምላጩ ገባ። ትንፋሻቸው ወጣ፣ ሌላ ትንፋሽ አልገባም። ከዚያ ጣታቸውን አወጡ፣ ማገጃውን መልሰው ዘጉት፣ ጥይቱን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«በሌላ ሰው ዓይን አልተኩስም» አሉ። እንባ አልነበረም፤ ልጅ መርፌ እንደማይወጋ የወሰነች ነርስ ድምፅ ነው። «አሁን ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«የምታየውን።»

ነገርኳቸው። ቀንዱ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት፣ አንዷ ጫፏ ተሰብራለች። ጀርባው አመድ ይመስላል፣ አንገቱ ወፍሯል። የቀኝ ጆሮው ተቀዷል። ከፎቶው ያንሳል። ያኛው እንደሆነ አላውቅም። አንዲት ነገር አልጨመርኩም፤ ቢጨመርም የሚገዛኝ አልነበረም።

«ምን እየበላ ነው?»

«ራዩን።»

«ጤፉንስ?»

«ሽንቱን ሸናበት።»

ሚስ ጁዲ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ወንዱ ቀና አለ፣ ጆሮዎቹን ወደ እኛ አቆመ።

«ሰማን?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሰማን።»

«ታዲያ ዝም በል።»

አንገቱን መልሶ ደፍቶ እስኪበላ ድረስ ሁለታችንም ዝም አልን።